ድርቀት አይደለም አልኳችሁ፦ የድመታችን የሱልጣን የሽንት ሕመም

ዛሬ ጠዋት ዶክተር ጫልቱ ከሰበታ ደወለችና «ከእንግዲህ እንዳታመጪው፤ ድኗል» አለችኝ። ስልኩን ሳልዘጋው ጮህኩ። እማዬ ቤት የተቃጠለ መስሏት ከጓሮ እየሮጠች መጣች። «ሱልጣን ድኗል!» ስላት «ታዲያ በዚህ ሰሞን እንዲህ ተብሎ ይጮኻል? ልቤን አወጣሽው እኮ!» ብላ ተቆጣችኝ። ግን ጀርባዋን አዙራ ስትስቅ አይቻታለሁ።

ሱልጣን ድመታችን ነው። ወንድ ነው፣ ግራጫ ነው፣ አንዱ ጆሮው በጠብ የተቀደደ ነው። እኔ ሐያት እባላለሁ። የምንኖረው ቡራዩ ነው፤ አባዬ ዋናው መንገድ ላይ ዱቄት፣ ሩዝና ማካሮኒ የሚሸጥበት ሱቅ አለው። ሱልጣን የዚያ ሱቅ ዘበኛ ነው ማለት ይቻላል። ይህን የምጽፈው ለትምህርት ቤታችን ሚኒ ሚዲያ ነው። የአማርኛ አስተማሪያችን ባለፈው የጻፍኩትን ለክፍሉ ጮክ ብለው ካነበቡልኝ ወዲህ እጄን የሚይዘኝ አልተገኘም።

ጓደኛዬ ሰሚራ ልጽፍ ያሰብኩትን ስነግራት «አቦ ሐያት፣ በዚህ ሁሉ ግርግር መሃል ስለ ድመት ሽንት? ሼም አይዝሽም?» አለችኝ። ይይዘኛል። ግን ይህን ነገር ቀድሞ የጻፈው ሰው ቢኖርና እኛ አንብበነው ቢሆን ኖሮ ያ ሁሉ ጣጣ አይደርስብንም ነበር። ስለዚህ ሼሙን ዋጥ አድርጌ እጽፋለሁ።

የሱቅ ድመት እንዴት እንደሚያዝ የኛ ሰፈር ነጋዴ ሁሉ የሚያስበው አንድ ዓይነት ነው። ማታ ሱቁ ሲዘጋ ድመቱ ውስጥ ይቆለፍበታል። ምግብ አይተውለትም፣ ከጠገበ አይጥ አያሳድድማ። ውኃም አይቀመጥለትም፣ ከደፋው ዱቄቱ ይበላሻል። ጠዋት በሩ ሲከፈት እንደ ጥይት ይወጣል፤ ጠጥቶም፣ ሸንቶም፣ ተጣልቶም ይመለሳል። አባዬ ይህን የተማረው ከአባቱ ነው፣ አባቱ ደግሞ ከሌላ ነጋዴ። ማንም ክፉ ሆኖ አይደለም። በቃ እንደዚያ ነው የሚደረገው።

የማስተር ፕላኑ ተቃውሞ ሲነሳ ግን ሱቅ የሚከፈትበት ጠዋት የሚባል ነገር ቀረ። ተቃዋሚዎቹ ልጆች «ማንም እንዳይከፍት» አሉ፤ የከፈተ መስታወቱ ይረግፋል። ከቀበሌ ደግሞ «የዘጋ ይታሸጋል» ተባለ። አባዬ ሁለቱን ሰምቶ አንድ ሙሉ ምሽት ግቢ ውስጥ ሲመላለስ አመሸና በማግስቱ ሳይከፍት ቀረ። ሱልጣን ውስጥ ነበር።

«አባዬ፣ ድመቱስ?» አልኩት።

«ድመት ምን ይሆናል? አይጥ ሞልቶለታል።»

«ውኃስ?»

«አንቺ ልጅ፣ ለድመት ብዬ በሩን ከፍቼ ሱቄን ላስወግር?»

እውነቱን ነው፤ ከመንገዱ ማዶ ሁሌም የሚያይ ሰው አለ። ስለዚህ መንገዱ ጭር ሲል እየሄድኩ የተቀቀለ ሳንባ ቆራርጬ በቆርቆሮው በር ሥር አሾልክለት ነበር። ጢሙን አያለሁ፣ መዳፉን አያለሁ፣ ሳንባው ሽው ብሎ ይጠፋል። ውኃ ግን በበር ሥር አይሾልክም። አንድ ቀን በቅባት ቆርቆሮ ክዳን ሞከርኩ፤ ግማሹ አስፋልት ላይ ፈሰሰ፣ ግማሹ አንድ ጆንያ ዱቄት አረጠበ። አባዬ ሱቁ ሲከፈት ያንን ጆንያ አይቶ ስንት ተናገረኝ መሰላችሁ! አሁን ሳስበው ያ ዱቄት ከዚያ ሁሉ ጣጣ በጣም ይረክስ ነበር።

በመጨረሻ ፖሊሶችና የቀበሌ ሰዎች በየሱቁ እየዞሩ «ክፈቱ» ሲሉ ተከፈተ። ሱልጣን እንደ ልማዱ አልሮጠም። ቀስ ብሎ ወጣና በሩ አጠገብ የተከመረው አሸዋ ላይ ቁጢጥ አለ። ቁጢጥ አለ፣ ተነሳ፣ ትንሽ ፈቀቅ ብሎ እንደገና ቁጢጥ አለ። ጅራቱ ይንቀጠቀጣል። ከዚያ ወደኔ ዞሮ እስከዚያ ቀን ሰምቼው በማላውቀው ድምፅ ጮኸ።

«ድርቀት ነው» አለ አባዬ።

«ድርቀት ነው» አለች እማዬ።

ኦቦ ቶሎሳም መጡ። ኦቦ ቶሎሳ ጎረቤታችን ናቸው፤ ላሞች አሏቸው፣ ወተት የምንገዛው ከሳቸው ነው። ልጃቸው ገመቹ በዚያ ሰሞን ከመንገድ ላይ ተይዞ የት እንደታሰረ እንኳ ገና አልታወቀም ነበር። እሳቸው ግን በየቀኑ ብቅ ይሉና «አካም ጅርቱ? እንዴት ናችሁ? ሱልጣንስ?» ይላሉ። መጀመሪያ ይገርመኝ ነበር። በኋላ ግን ገባኝ፤ ስለ ገመቹ ማንን ቢጠይቁ መልስ የለም፣ ስለ ሱልጣን ግን ቢያንስ እኛ እንመልስላቸዋለን።

«ተልባ ነው መድኃኒቱ» አሉ። «እኔን ራሴን የሚያድነኝ ተልባ ነው።»

«ኦቦ ቶሎሳ፣ አንቱና ሱልጣን አንድ ናችሁ እንዴ?»

እማዬ ቆነጠጠችኝ። ኦቦ ቶሎሳ ሳቁ፤ በዚያ ሳምንት ሲስቁ ያየኋቸው ያን ጊዜ ብቻ ነው።

ድመት ተልባ አጠጥታችሁ ታውቃላችሁ? አትሞክሩት። እማዬ ያዘችው፣ እኔ በማንኪያ አፉ ውስጥ አደረግኩ፣ እሱ ተፋው። ተልባው ጢሙ ላይ፣ የእማዬ ሻሽ ላይ፣ ግድግዳው ላይ ተዝለገለገ። ሱልጣን እንደ ሳሙና እያሟለጨ ሁለት ጊዜ አመለጠን። ግን ትንሽ ሳይውጥ አልቀረም፣ ምክንያቱም በማግስቱ አሸዋው ላይ አደረገ። ሙሉ ቤተሰቡ ወጥቶ አየ! «አላልኳችሁም?» አሉ ኦቦ ቶሎሳ። አባዬም «ይኸው ተገላገለ» ብሎ ወደ ሥራው ሄደ።

ሱልጣን አሁንም ቁጢጥ እያለ ነበር። ከሥሩ አንዳንድ ጠብታ ይወርዳል፤ አሸዋው ላይ የሳንቲም ያህል ይረጥብና ያልቃል። ራሱን ይልሳል፣ ይጮኻል፣ ተመልሶ ቁጢጥ ይላል።

«እማዬ፣ ካካ ማድረግና መሽናት እኮ ሁለት ነገር ነው! አሸዋው ደረቅ ነው፣ ነይና እዪው!»

«ልጄ፣ አሁን አደረገ አይደል? ተይው ይረፍበት።»

ማንም አይሰማኝም። ትምህርት ቤት ተዘግቷል፣ ኢንተርኔት የለም፣ እኔ አሸዋ እየመረመርኩ እውላለሁ። ሰሚራ መጥታ ተንበርክኬ ስታገኘኝ «ወርቅ አገኘሽ?» አለችኝ። ልመታት ነበር።

ለምኜ ለምኜ እማዬን የእንስሳት መድኃኒት የሚሸጥ አንድ ሰውዬ ጋ ወሰድኳት። ከፊታችን ጥጃ የያዘ ገበሬ፣ ከኋላችን ሦስት በግ የሚጎትቱ ሴትዮ ተሰልፈዋል። በጎቹ ካርቶናችንን እያሸተቱ ሱልጣንን አሳበዱት። ተራችን ሲደርስ ሰውዬው ካርቶኑን አየ፣ ከኛ ጀርባ አየ፣ እንደገና ካርቶኑን አየ።

«ከብቷ የታለች?»

«ድመት ነው ያመጣነው» አለች እማዬ።

«ድመት ብቻ?»

«አዎ።»

«ብርድ ነው» አለ፤ ሳይነካው! አንድ መርፌ ወጋውና «ሙቅ አድርጉለት። ሆዱ ተነፍቷል፣ ውኃ ቀንሱበት» ብሎ በጎቹን ጠራ።

ውኃ ቀንሱበት! እኛም እሺ ብለን ቀነስን። የሞላ ነገር ላይ መጨመር ልክ አልመስል አለን። ያን ሁሉ ቀን ውኃ ያጣን እንስሳ፣ ውኃ አጠገቡ እያለ ነፈግነው። እማዬ በአሮጌ ጋቢ ጠቅልላ፣ የሞቀ ውኃ በፕላስቲክ ጠርሙስ ሆዱ ሥር አድርጋለት እንደ አራስ አስተኛችው። ይህን ስጽፍ ራሱ ያናድደኛል።

ሌሊቱን አልተኛንም። ከወደ ገፈርሳ አቅጣጫ አልፎ አልፎ ተኩስ ይሰማል፣ ሱልጣን ደግሞ ያቃስታል። የቱን እንደምፈራ አላውቅም ነበር። አባዬ ሲነጋ ተነስቶ አየውና «ነገም እንዲህ ከሆነ ባሕር ዛፉ ውስጥ ወስጄ እተወዋለሁ። እንዲህ ሲሰቃይ ከማየት ይሻላል» አለ። ጨክኖ አይደለም፤ ፊቱን አይቼዋለሁ። ግን ባሕር ዛፉ ውስጥ ጅብ አለ።

ያን ጠዋት ጠብታውም ቆመ። አስመለሰው፣ ሳንባውን አሽትቶ ተወው። ሰበታ ያለችው አክስቴ ዘሀራ ጋ ደወልኩ፤ ጎረቤቷ የሆነች ወጣት የእንስሳት ሐኪም እንዳለች ታወራ ነበርና። አክስቴ ስልኩን ይዛ ሄዳ ሰጠቻት። ዶክተር ጫልቱ «ወንድ ነው?» አለችኝ መጀመሪያ። «አዎ» አልኩ። «የኋላ እግሮቹ መሃል፣ ሆዱን ከታች ቀስ ብለሽ ንኪው። ጠንካራ ነገር አለ?» ነካሁት። ብርቱካን የሚያህል፣ ልክ እንደ ድንጋይ ጠንካራ። ነገርኳት።

«ያ ፊኛው ነው። ሽንቱ መውጫ አጥቶ ነው። ዛሬ ካላመጣሽው ነገ አታምጪው።»

ለአባዬ ቃል በቃል ነገርኩት።

«መንገድ ዝግ ነው» አለ።

«እኔ እወስደዋለሁ» አለች እማዬ።

«አብደሻል? ለድመት ብዬ ሚስቴንና ልጄን መንገድ ላይ ልጣል?»

«እኛ እቤት ተቀምጠን አንተ ባሕር ዛፍ ውስጥ ልትጥለው ነው?»

አባዬ ጫማውን አደረገ። «ሐያት፣ ካርቶኑን አምጪ። በደንብ እሰሪው» አለኝ።

እኔና አባዬ እስከ አስኮ በእግራችን ነው የሄድነው። መንገዱ መሃል ድንጋይ ተደርድሯል፣ የተቃጠለ ጎማ ይጨሳል። ልጆቹ አስቆሙን፤ አንዱ ከኛ ክፍል ነው። «ሐያት! ምንድነው የያዝሽው?» አለኝ። ካርቶኑን ከፍቼ አሳየሁት። «ሽንት አልወጣ ብሎት ነው።» ጓደኞቹ በሳቅ ፈነዱ፤ እሱ ግን «ኢጆሌ! ልጆች፣ ይለፉ፣ ይለፉ! ታሟል» ብሎ ራሱ ከፊታችን እየሄደ አሳለፈን። ትንሽ ራቅ ብለን ደግሞ የታጠቁ ፖሊሶች። «ካርቶኑን ክፈት!» አሉት አባዬን። ገመዱን ፈታ። ፖሊሱ ወደ ውስጥ አየና «በዚህ ቀን ድመት ይዛችሁ ትወጣላችሁ?» አለ። አባዬ አስረዳው። ፖሊሱ ሱልጣንን ትንሽ ሲያይ ቆየና ጠመንጃውን ወደ ጀርባው አዙሮ ገመዱን ራሱ መልሶ አሰረው። «አየር እንዲገባው እዚህ ጋ ብሱለት» ብሎ በጣቱ በሳው።

ከአስኮ ሚኒባስ ተገኘ፤ አየር ጤና ላይ ቀይረን ሰበታ ገባን። የዶክተር ጫልቱ ክሊኒክ አንድ ክፍልና አንድ አግዳሚ ወንበር ነው። ወንበሩ ላይ የፋብሪካ ዘበኛ የሆኑ የሆሳዕና ሰው ሊሊ የምትባል ሴት ውሻ ይዘው ተቀምጠዋል። «ይቺ ደግሞ በሄደችበት ሁሉ ትንሽ ትንሽ ትሸናለች፣ ደም ደም ይላል» አሉን። ከዚያ ካርቶናችንን አዩና «በኢየሱስ ስም ይድናል» አሉ። አባዬ «ኢንሻአላህ» አለ። ሁለቱም አንድ ላይ «አሜን» አሉ። ሊሊ ብቻ ናት የጮኸችው።

ዶክተር ጫልቱ ወጣችና «ማል ታቴ፣ አዱሬ?» እያለች ሱልጣንን ነካችው። «ድመቱ፣ ምን ሆንክ?» ማለቷ ነው። ሆዱን ስትነካ ፈገግታዋ ጠፋ። ከሁሉም አስቀድማ አስገባችው። አደንዝዛ በጣም ቀጭን ቱቦ በሽንት መውጫው አስገባች፤ ካቴተር ይባላል። መጀመሪያ አልገባ አለ። ጨው ያለበት ውኃ በሲሪንጅ እየገፋች እንደገና ሞከረች። አባዬ ጥጉ ላይ ቆሞ ከንፈሩ ይንቀሳቀሳል። ከዚያ ወጣ! የቀይ ሥር ውኃ የመሰለ ሽንት ሳህኑ ውስጥ ጭርርር አለ። አባዬ «አልሐምዱሊላህ!» ያለው ከክሊኒኩ ውጭ ሳይሰማ አይቀርም። ሽንት ሲወጣ እንዲህ የሚደሰት ሰው አይቼ አላውቅም፤ እኔንም ጨምሮ።

ሳህኑን አዘንብላ ሥሩን አሳየችን። እንደ ደቃቅ አሸዋ ያለ ነገር ዘቅጧል። ወንድ ድመት የሽንት ቧንቧው በጣም ቀጭን ነው፤ ውኃ ሲያጣ፣ ሽንቱን ሲይዝ፣ ሲፈራ እንዲህ ያለ አሸዋ ይጠራቀምና ይደፍነዋል። ከተደፈነ ሰዓታት ናቸው ያሉት፣ ምክንያቱም መርዙ ወደ ደም ይመለሳል። እንደ ሊሊ ያለች ሴት ውሻ ላይ ግን አብዛኛውን ጊዜ ኢንፌክሽን ነው፤ መድኃኒቷን እስከ መጨረሻው ከወሰደች ይተዋታል። ይህን ሁሉ ሊሊን እየመረመረች ነው የነገረችን።

«የት ነው የሚያድረው?» ብላ አባዬን ጠየቀችው።

«ሱቅ ውስጥ።»

«ውኃ አለው?»

አባዬ ጫማውን አየ። «ዱቄት ነው እኮ... ሁላችንም እንደዚያ ነው የምንይዘው።»

«ሁላችሁም?»

«የሰፈሩ ነጋዴ ሁሉ።»

ዶክተር ጫልቱ እጇን ታጠበች። «እንግዲያው ችግሩ የአንድ ድመት አይደለም» አለች።

መንገዱ እስኪረጋጋ አክስቴ ዘሀራ ጋ ቆየን። ሱልጣን ቱቦውን እንዳይነቅል አንገቱ ላይ ከካርቶን የተቆረጠ ቀለበት ተደረገለት፤ በሄደበት ከበርና ከወንበር ጋር ይጋጫል። አክስቴ «ይሄ ሱልጣን ሳይሆን ሳተላይት ነው» እያለች ትስቅበት ነበር። ቱቦው ሲወጣ ደግሞ ሌላ ጭንቀት፤ በራሱ ይሸናል ወይስ ይደፈናል? አባዬ፣ ያ ሱቁ እንዳይወገርበት የፈራው አባዬ፣ ሱቁን ረስቶ አሸዋ ሲመረምር ዋለ። ሲሸና እኔን የጠራኝም እሱ ነው።

ቡራዩ ከተመለስን በኋላ ዱቄቱ ጣውላ ላይ ወጣ። የማይገለበጥ ከባድ የድንጋይ ገንዳ ውኃ ተሞልቶ ሱቁ ጥግ ተቀመጠ፤ አጠገቡ ንጹሕ አሸዋ ያለው ሳፋ። ሳንባውን ከነመረቁ፣ ያለ ጨው እንሰጠዋለን። አይጥ ማደኑንም አልተወም፤ «ከጠገበ አያድንም» የሚባለው ውሸት ነው። ችግሩ አሁን አባዬ ሆኗል። ሩዝ ሊገዛ ለመጣ ሰው ሁሉ ስለ ወንድ ድመት ቧንቧ ያስረዳል። «ድርቀት እንዳይመስላችሁ!» ይላል፤ መጀመሪያ «ድርቀት ነው» ያለው ማን እንደሆነ ሳይናገር! እኔ እዚያው ቆሜ አየዋለሁ።

ኦቦ ቶሎሳ አሁንም በየቀኑ ይመጣሉ። ስለ ሱልጣን «ሸንቷል» ስንላቸው «ገለቶማ፣ አመሰግናለሁ» ይላሉ፤ እኛ አንድ ነገር የሰጠናቸው ይመስል።

ዶክተር ጫልቱ ዛሬ ስትደውል ሌላም ነገር ብላኛለች። የፊታችን ቅዳሜ ከሰዓት ቡራዩ መጥታ የሱቅ ድመቶቻችንንና የግቢ ውሾቻችንን ልታይ ነው፤ እኔ ደግሞ እንድጠራችሁ አዛኛለች። ስለዚህ ድመታችሁ ብዙ ጊዜ ቁጢጥ የሚል ከሆነ፣ ውሻችሁ ደም የቀላቀለ ከሸናች፣ ምንም ያልሆነም ቢሆን፣ ካርቶን ላይ ቀዳዳ አብጁና አባዬ ሱቅ በረንዳ ላይ ኑ። ጨርሶ መሽናት ያቆመ ካለ ግን ቅዳሜን አትጠብቁ፤ ዛሬውኑ ንገሩኝና እደውልላታለሁ። ቅዳሜ ደግሞ ሱቅ ዝጉ ከተባለና ከተዘጋ፣ ኦቦ ቶሎሳ «ግቢዬ ይሁን» ብለዋል፤ ከሱቁ ጀርባ ሰማያዊው በር ነው። ገመቹ ድንገት ከመጣ ውጭ እንዳይቆም ብለው በሩን ቀንም ሌትም አይቆልፉትም። ሳታንኳኩ ግቡ።